ስለ ክበባችንና ስለ ስም ዝርዝሩ፣ ለታዴ

ታዴዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን አወጣን። ካህናቱ መጡ፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ እህቴም ከቤቴል ሁለት ቀን ቀድማ መጥታ አገዘችኝ። ከጎረቤት ግን የመጣው ጥቂት ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶውን ዋለ። ለምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን፤ ያኔ በቀብርህም እንዲሁ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ስለዚያ ባዶ ወንበር ነው። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀብሬሃለሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ማርታ ሦስት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷታል። አፏን ፈትታ ቀኑን ሙሉ ትጠይቀኛለች፤ ስትናደድ ግንባሯን የምታኮሳትረው ልክ እንዳንተ ነው። የጓሮውን ቆርቆሮ ያለፈው ክረምት ንፋስ ገንጥሎት የእህቴ ባል መታልን። እኔ አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ቴሌቪዥኑ ቦታው ላይ አለ፤ ግን አላበራውም። ማርታ ስትለምነኝ ተበላሽቷል እላታለሁ። ኮምፒዩተሩ አሁንም ቀበሌ ነው። የጸሐፊው ቢሮ ጥግ ላይ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ የሚያበራው ሰው የለም።

ከኮምፒዩተር ክበባችን የቀሩት አራት ናቸው። አንድ ላይ አይመጡም፤ ስብሰባ እንዳይባል በየተራ፣ አንዱ በዚህ ሳምንት ሌላው በሚቀጥለው ይመጣሉ። ማሽን የላቸውም፣ ግን አንድ ቀን ስክሪን ላይ እንዲወጡ የአማርኛ ፊደሎቹን በባለ ካሬ ወረቀት ላይ እየሳሉ ቀጥለዋል። ያ ከሳንሱሲ በእግሩ የሚመጣው መምህር ባለፈው "ጨ"ን ስምንት በስምንት ካሬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ ብሎ አሳየኝ። እግሮቹ ተጣብቀዋል፣ ግን ይነበባል። አንተ አይገባም ብለህ ስትከራከረው የነበረውን ማለት ነው። ሳቅኩ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ያን የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። የመሥሪያ ቤትህ የውጭ አገር ባለሙያ ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ትቶልህ፣ በካርቶን አቅፈኸው በአውቶቡስ መጣህ። ስታወጣው ከመጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ሆነብኝና "በቃ ይኼ ነው?" ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ ግን ሙሌን ልትጠራ ጦር ኃይሎች ድረስ ሮጠህ ነበር። ሙሉጌታ ከሬዲዮ መጠገኛው መበየጃውን ይዞ መጣ፤ ከእማማ ዘነበች ጋር ከእኛ አምስተኛው ቤት የሚኖር፣ የእማማ አንድ ልጅ፣ ያንተም የልብ ጓደኛ። ሽቦውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ካሬ ብቅ ስትል "ታየ! ታየ!" ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት የሞተ ሰው ያለ መስሎት ወጣ።

በነጋታው "እቴ፣ ይህን ለብቻ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው" አልከኝ። ክበቡ የተጀመረው በዚያች ቃል ነው። ማስታወቂያውን በእጅህ ጻፍከው፤ ኮምፒዩተር ማየት የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ ነጻ ነው የሚል። አንዱን ፌርማታው አጠገብ፣ አንዱን የሙሌ ሱቅ በር ላይ ለጠፍከው። ማኅተም የለውም ተብሎ የአብዮት ጥበቃዎች በማግስቱ ቀደዱት። ማኅተም ልትጠይቅ ቀበሌ ስትሄድ አብሬህ ነበርኩ። ጸሐፊው ማመልከቻውን አነበበና ቀና አለ።

"የኮምፒዩተር ወዳጆች ክበብ። ወዳጅነታችሁ ከማን ጋር ነው?"

"ከማሽኑ ጋር ነው፣ ጓድ።"

"ከውጭ አገር ጋር ያወራል?"

"ከቴሌቪዥን በስተቀር ከማንም ጋር አያወራም።"

እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። እሱ አልሳቀም። "ይታያል" ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ እዚያው ቀረ።

ማስታወቂያ ባይኖርም ወሬው በአፍ ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ሆናችሁ። ሳሎናችን ወንበር አልበቃው ብሎ መሬት ላይ ትቀመጡ ነበር። ማሽኑ አንድ ስለሆነ ለሰው አሥር አሥር ደቂቃ ነው፤ ማንቂያ ደውሉ ሲጮህ የተቀመጠው እየተቆጨ ይነሳል። ሌላው ተራው እስኪደርስ ፕሮግራሙን ደብተር ላይ ይጽፋል። ሌላ ሰው አንብቦ ስህተቱን ያላረመለት ማሽኑን አይነካም የሚል ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። መብራት ሲጠፋ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠፋና ሁሉም "ወይኔ!" ይላል፤ ከዚያ ሳቅ ይሆናል። እኔ ሻይ ላቀርብ ገብቼ ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተራ ያዝኩ። "ጣቶችሽ ከሁላችንም ይፈጥናሉ" ብለህ በሰው ፊት ስታሞግሰኝ ፊቴ ይቀላል። ታይፕ ሳደርግ ስንት ዓመቴ፣ የማደርገውን አይቶ ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

እየበዛችሁ ስትሄዱ ግን ጥበቃው በራችን ላይ መቆም ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃውን አንግቶ የገባውን ይቆጥራል። አንድ ቀን ደብተሩን አውጥቶ ስም ሲጽፍ ያየ ልጅ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። "እንበትነው ይሆን?" ብለህ የጠየቅከኝ ያኔ ነው። ምክሩን የሰጠሁህ እኔ ነበርኩ። ለቀበሌው የሚጠቅም ነገር አሳያቸው፣ የነዋሪውን መዝገብ አስገባላቸው፣ ስኳር ሲታደል ወረፋው ይቀላል፣ አዳራሹንም ማኅተሙንም ይሰጡሃል አልኩህ። አንተ ወዲያው አልወደድከውም። "የሰው ስም ነው እኮ" አልክ። እኔ ነኝ ያግባባሁህ።

መዝገቡን ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ማርታን ልወልድ ተቃርቤ ሆዴ ከጠረጴዛው እየጋጨ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። የሰፈራችንን ሰው ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። "ፀሐይ" በምን ይጀመር ብለን ስንት ቀን ተከራከርን። የምጽፈው ስም ሁሉ ፊት ነበረው፤ ይቺ ምስር የምትሸጥልኝ ናት፣ ይኼ ውሃ ሲጠፋ በርሜል የሚያውሰን ነው እያልኩ። ማታ አንተ ወደ ካሴት ትገለብጠዋለህ።

በአዳራሹ ያሳየህበትን ቀን ሳስበው ዛሬም ደስታውና ሕመሙ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ሙሌ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ገባ። የቀበሌው አመራር ከፊት ተቀመጠ። የቤት አባወራዎችን በፊደል ተራ አሰለፍካቸው፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ሰው እንዲደሰት ብለህ "በዕድሜም ይሆናል" አልክና ከሽማግሌ ጀምሮ አወጣኸው። የአባ ወልዴ ስም ከሁሉ በላይ ሲወጣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አባ ወልዴ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው እጅ ነሱ። ወደ ቤት ስንመለስ "አሁን ገባቸው፣ እቴ" አልከኝ። እኔ ግን ጸሐፊውን አይቼው ነበር። አላጨበጨበም። ስክሪኑን ዝም ብሎ ያይ ነበር።

አሁን ያልነገርኩህ ይመጣል።

ማርታን ወልጄ አንድ ወር እንደሆነኝ፣ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ፣ ጸሐፊው ብቻውን ደብተር ይዞ ቤታችን መጣ። እንኳን ማርያም ማረችሽ አለ፣ ተቀመጠ። "ወንዶቹን ብቻ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያሉትን፣ ከነቤት ቁጥራቸው ማውጣት ይቻላል ወይስ ባልሽን ልጠብቅ?" አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። "ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ልንመለምል ነው" አለ። ታዴ፣ አመንኩት ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን አላሰብኩበትም። ያሰብኩት "ባልሽን ልጠብቅ?" የሚለውን ነው። ያለ አንተ እንደምችል ላሳየው ፈለግኩ። ልጄን ከጡቴ ነጥዬ አስተኛኋትና ካሴቱን ጫንኩ፣ ትእዛዙን ራሴ ጻፍኩት፣ አንድ ስህተት እንኳ አልነበረበትም። ስሞቹ ወጡ። እሱ እያየ በእጁ ይገለብጣል፤ ስክሪኑ ሲሞላ "ቀጥዪ" ይለኛል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። እኩለ ቀን እስኪያልፍ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት። ሲወጣ "ጎበዝ ነሽ፣ ከባልሽ አታንሺም" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለአንተ ያልነገርኩህ ማኅተሙ ሲመጣ አብሬ ልነግርህ፣ ላስደንቅህ ብዬ ነው። ማኅተሙ በሳምንቱ መጣ። አንተ በደስታ ስትዘል እኔ ረሳሁት።

ሁለት ወር ሕጋዊ ሆንን። ማኅተም ያለው ማስታወቂያ ጦር ኃይሎች ድረስ ተለጠፈ። በአዳራሹ የመጀመሪያ ስብሰባ ሰው ቆሞ ዋለ። ሙሌ ሬዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ከኮምፒዩተሩ ጋር እያነጻጸረ ሲያስረዳ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ምንም ባይገባቸውም ልጃቸውን ያዩ ነበር።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ከዚያ በፊት ለጦር ግንባር አፈሳ ሲመጣ መንገድ ላይ ነበር፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ በአጥር ይዘላሉ፣ ግማሹ ይተርፋል። በዚያ ቀን ግን የሮጠ የለም። ጥበቃዎቹ ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ሄዱ። በስም ጠሩ። እዚህ ቤት ሁለት አሉ፣ አንዱ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ከክበባችን ብቻ ስድስት ሄዱ። ሙሌ ኮርኒስ ላይ ወጥቶ ነበር። "ሙሉጌታ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ ቤት ነው፣ ሳይወጣ አንሄድም" አሉ እናቱን፤ እናቱን ሊወስዱ ሲሉ ራሱ ወረደ። ሠላሳን ያለፍከው አንተ መንገድ ላይ ደርሰህ ጥበቃው እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አየኸው። በዕድሜ ተራ ነበር።

ተመልሰህ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥክ። "ያን ቀን ነው" አልክ። "አዳራሹ ውስጥ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው። ከስክሪኑ ላይ ገልብጠውታል።" እኔ ማርታን አቅፌ ከኋላህ ቆሜ ነበር። በዚያች ደቂቃ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ነገ አልኩ።

ሙሌ ስድስት ወር አልቆየም። ከሰሜን ቆስሎ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ነው መርዶውን ያመጣው። ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ሴት "ልጆቻችንን በሳጥን ያስለቀመው መጣ" አለች። ሁሉም ሰማ። እማማ ዘነበች ቀና ብለው አዩህና አጎነበሱ። አንተ ዞረህ ተመለስክ። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ጸሐፊው ለሁለተኛ ዙር ሲመጣ፣ አሥራ ስምንት የሞላቸውን ጨምርበት ሲልህ፣ ካሴቱን ከሽፋኑ አውጥተህ ክሩን በሙሉ ጎልጉለህ ጠረጴዛው ላይ አኖርክለት። "ተበላሽቷል" አልከው። "ታዲያ እንደገና ጻፈው" አለ። "አልጽፍም" አልክ። ድምፅህ ከፍ እንኳ አላለም። በዚያው ሳምንት ያልተፈቀደ ስብሰባ ብለው አንተንም ኮምፒዩተሩንም ወሰዱ፤ የራሳቸው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ባሳያቸውም አላዩኝም። አምስት ወር ምግብ አመላለስኩልህ። ስትወጣ ልብስህ ሰፍቶህ፣ ሳልህ ከውጭ የሚሰማ ሆኖ ነበር። ሥራህም የለም። አራት ወር አስታመምኩህ።

ከመሞትህ በፊት ባለችው እሑድ እጄን ይዘህ "እቴ፣ ሙሌን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልከኝ። "አንተ አይደለህም" አልኩህ። ላጽናናህ ያልኩት መሰለህ፤ ፈገግ ብለህ "አንቺ ደግ ነሽ" አልክ። የቀረው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እውነቱን ብነግርህ ቀልሎህ ትሞት ነበር፤ ወይ እጄን ትለቅ ነበር። እጄን እንዳትለቅ ፈራሁ። ይኸው ነው ታዴ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ወር ጸሐፊው እንደገና መጣ። ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ፈልጎ አጥቷል። "ባልሽ የለም፣ አንቺ ግን እንደምትችይ አይቻለሁ" አለኝ። አልችልም ማለት ይቀለኝ ነበር፣ ግን ያየኝ እሱ ነው። ደግሞም መዋሸት ሰልችቶኛል። "እችላለሁ፣ አላደርገውም" አልኩት። "አስቢበት፣ ልጅ አለሽ" አለና ወጣ። አላሰብኩበትም። ከወሰዱኝ ብዬ ማርታን ቤቴል ላለችው እህቴ አደራ አልኩ፣ ልብሷን ከፊሉን እዚያ አኖርኩ። የምትወደውን ቁርስ፣ ጨለማ እንደምትፈራ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እህቴ እያለቀሰች ሰማችኝ። እስካሁን አልመጡም።

ከመምጣታቸው በፊት ግን አንድ ቦታ መሄድ ነበረብኝ። እማማ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ምክሩን፣ ሻዩን፣ ደስ ብሎኝ መዋሉን ጭምር። ከዚያ "ታደሰ ያውቅ ነበር?" አሉኝ። "አያውቅም ነበር፣ እማማ። እሱ እኔ ነኝ እንዳለ ሞተ" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "በድንኳኔ በር መለስኩት" አሉ። ላጽናናቸው እጄን ስዘረጋ ገፉት። "ዛሬስ ሂጂልኝ፣ ልጄ" አሉ። ሄድኩ። በሳምንቱ ግን መቃብርህ ጋ ስደርስ አዲስ የተነቀለ አረም ክምር አገኘሁ፤ ጠባቂውን ብጠይቀው አንዲት አሮጊት ከጠዋት ጀምረው ሲያጸዱ ነበር አለኝ። እኔን እስካሁን ሰላም አይሉኝም። እኔም ይበሉኝ አልልም።

ታዴዬ፣ ፍታት በተደረገ ቁጥር ያንተንና የሙሌን ስም አንድ ላይ አስጠራለሁ። ማርታ ነፍስ ስታውቅ አባትሽ ያለውን ነገር ለብቻው መያዝ የማይችል ሰው ነበር እላታለሁ፤ ዝርዝሩን ያወጣችው ግን እናትሽ ናት እላታለሁ። እኔ ባልኖር ከሌላ ሰው ቀድማ እንዳትሰማው፣ እንድትነግራት ለእህቴም አስታውቄአለሁ። እስከዚያው፣ ቤቴ እስካለሁ ድረስ፣ ልጆቻቸው የሄዱባቸውን እናቶች በየተራ እሄዳለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ የምናገረው ያንተን ስም ነው። "ታደሰ አይደለም" እላለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዷ ትሰድበኛለች፣ አንዳንዷ አብራኝ ታለቅሳለች። ትናንት ሦስት ቤት ደረስኩ። ነገ ከሥራ ስወጣ ከፌርማታው ማዶ ያሉትን እጀምራለሁ።

ያንተው እቴነሽ